ነዳጅ ሲረገጥለት የሚያንገራግር ሞተር

ከአባያ ሐይቅ አካባቢ ተነስቶ በሁምቦ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወጣው መንገድ የመኪናን ጓዳ ያጋልጣል። ሜዳው ላይ ደህና ሲሄድ የነበረ አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ፣ ከፊቱ የሚያዘግመውን ጭነት አይሱዙ ለመቅደም ነዳጅ ሲረገጥለት ጉልበቱ ለአፍታ ይጠፋል፤ ይንገጫገጫል፤ አንዳንዴም በካርቡራተሩ በኩል ያስነጥስና ከዚያ ድንገት ይፈናጠራል። ለመቅደም ወደ ግራ የወጣ ሾፌር ያቺን አፍታ ቶሎ አይረሳትም።

የሰፈር ምክር የታወቀ ነው፦ «ካንዴላ ቀይር»። ካንዴላው ተቀይሮም ሳይሻለው ሲቀር «ካርቡራተሩ ይታጠብ» ይባላል፤ ቀጥሎ ኮይል ይገዛል። ገንዘቡ ያልቃል፣ መኪናው ግን ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ማስታመም ግድ ሆኗልና፣ በግምት ዕቃ መቀያየሩ አያዋጣም። እኔ ብሆን ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ የሚያንገራግረው መቼ ነው? ልክ ነዳጁ በተረገጠበት ቅጽበት ነው ወይስ ተረግጦ ጥቂት ከሄደ በኋላ? ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ከቅጽበቱ እንጀምር። ቤንዚን በደንብ የሚነድደው በልክ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ነው። በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እንዲሰጥ ሲፈለግ ደግሞ ቤንዚኑ በዛ ይልና አየሩ ወደ 12.5 ወይም 13 እጅ ይወርዳል። ታዲያ «ነዳጅ መስጫ» የምንለው ፔዳል ካርቡራተር ባለው መኪና ላይ በቀጥታ የሚከፍተው የአየሩን በር ነው። በሩ በአንዴ ሲበረገድ አየሩ ቀላል ስለሆነ ወዲያው ይገባል። ቤንዚኑ ከባድ ነውና ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከገባውም ከፊሉ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሲሊንደሮቹ ለዚያች አፍታ የሳሳ ድብልቅ ይደርሳቸዋል። የሳሳ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድድ፣ የመግቢያው ቫልቭ እንደገና ሲከፈት እሳቱ ገና ሳይጠፋ ይቆይና ወደ ኋላ ይተኩሳል። ማስነጠሱ ይኸው ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ካርቡራተሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፓምፕ አለች። ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ሐኪም መርፌ ቤንዚን ትረጫለች። ውስጧ ያለው ቆዳ ወይም ጎማ ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ የመርጫዋ ቀዳዳም በቆሻሻ ይደፈናል። ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ሞተሩን አጥፍተው ያቀዝቅዙት፤ የአየር ማጣሪያውን ክዳን ይፍቱ፤ የቾኩ ክዳን ተዘግቶ ከሆነ በጣት ገፋ አድርገው ይክፈቱት፤ የስልክዎን መብራት ወደ ጉሮሮው ያብሩና ሌላ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ። ፔዳሉ ገና ሲነካ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ የቤንዚን ክር ወደ ታች መወርወር አለበት። ዘግይቶ ከመጣ ወይም ከተንጠባጠበ በሽታው ተገኘ። (ሲጋራ የያዘ ተመልካች ካለ አስቀድሞ ይሰናበት።) ክሩ ደህና ከሆነ የተሰነጠቀ የቫኩም ጎማ ይፈልጉ፤ ያልተፈለገ አየር እያስገባ ድብልቁን ያሳሳዋል።

በካርቡራተር ዘመን የተሠሩት የስፖርት መኪኖችም፣ ለምሳሌ ባለ ዌበር ካርቡራተሩ ፊያት 124 ስፓይደር፣ ከዚህ አያመልጡም። እንዲያውም የካርቡራተር ጉሮሮ በሰፋ ቁጥር አየሩ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ቤንዚኑን የመሳብ አቅሙ ይደክማል፤ በዚያች ትንሽ ፓምፕ ላይ ያለው ጥገኝነትም ያይላል።

ሁለተኛው በሽታ ሲረገጥ ምንም አይልም። ዳገቱን ግማሽ ድረስ ይወጣና ይደክማል፤ ዳር ይዘው ሁለት ደቂቃ ቢያቆሙት ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። የካርቡራተሩ ትንሽ ማጠራቀሚያ ከሚሞላው የሚጎድለው በልጦ ነው፤ ሲቆም ይሞላል። እዚህ ላይ ከርካሹ መጀመር ነው። ሲደክም የነዳጅ ቋቱን ክዳን ይክፈቱ፤ «ሽሽ» ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ከተሻለው የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ቀጥሎ ፊልትሮው፣ ከዚያ ፓምፑ። ከቆላው ሙቀት ወጥቶ ዳገት በያዘ መኪና ደግሞ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ሊፈላ ይችላል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፈሳሽ ቶሎ ይፈላልና። በውሃ የተነከረ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ሲደረግ ከዳነ መልሱ እሱ ነው።

ማደያ ቤንዚን ሲያጣ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ መግዛት የተለመደ ነው፤ ሃይላንዱ ግን መመርመሪያም ይሆናል። ከፊልትሮው በፊት ካለው ቱቦ ጥቂት ቤንዚን ወደ ንጹሕ ጠርሙስ ይቅዱና ግማሽ ሰዓት ያስቀምጡት። ውሃ ካለበት ከሥር ይተኛል፤ ወሰኑ በዓይን ይታያል። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ወረቀት ላይ የተጣለው ጠብታ ከደረቀም በኋላ የቅባት አሻራ ይተዋል።

ካንዴላ የሚከሰሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተር ሲጨነቅ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ድብልቅ ይበዛል፤ ብልጭታው ያን ጫና አልፎ ለመዝለል ተጨማሪ ቮልት ይፈልጋል። የደከመ ኮይል ወይም ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላ ሚኒሞ ላይ ደህና ሠርቶ ዳገት ላይ የሚከዳው ለዚህ ነው። ጋራዥ ግቢ ውስጥ በዜሮ ማርሽ ማስጮህም ብዙ አይናገርም፤ መካኒኩን አሳፍሮ ዳገት መውጣት ይሻላል። የካንዴላ ገመዶቹን ለማየት ማታ በጨለማ ቦኔቱን ከፍቶ ሞተሩን ማስነሳት በቂ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያመልጥበት ቦታ በሰማያዊ ብልጭታ ራሱን ያሳያል። እጅ ግን አይነካም።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ሶዶ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፤ አየሩም ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። የዚህ ምልክቱ ከማስነጠስ ይለያል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላውም ሲፈታ ጥላሸት ለብሶ ይገኛል።

እንደ ቪትዝ ባሉ ኢንጀክሽን መኪኖች ላይ የመርጨቱን ሥራ የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው፤ የሞተር መብራት ሲበራም ኮዱ ይነበባል። ኮዱ ግን «ድብልቁ ሳስቷል» ሊል ይችላል እንጂ ምን እንዳሳሳው አይነግርም። ኦክስጅን ሴንሰር ከመግዛት በፊት የነዳጁን ግፊት በጌጅ፣ ያውም ሞተሩ እየተረገጠ ማስለካት ነው፤ ጥፋተኛው ቋቱ ውስጥ ያለው የደከመ ፓምፕ ሊሆን ይችላል።