ላሸነፈ 3፣ ሰፈር ላጸዳ 6 ነጥብ

ያሸነፈ 3 ነጥብ እንደሚያገኝ የማያውቅ ቲፎዞ የለም። ሰፈሩን ያጸዳ ቡድን 6 ነጥብ የሚያገኝበት ሊግስ ሰምታችኋል? ቀልድ አይደለም። በናይሮቢው የማታሬ ድሃ መንደር የተጀመረው ይህ ደንብ፣ በየክረምቱ ውድድር ለሚያዘጋጁት ለእንጅባራና ለዳንግላ ልጆችም የሚሆን ቁም ነገር አለው።

ካናዳዊው ቦብ መንሮ የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማህበርን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በፌስታል ኳስ ይጫወቱ ለነበሩት ልጆች እውነተኛ ኳስና ዳኛ ተገኘላቸው፤ በምላሹ ግን ቦይ መጥረግ፣ ቆሻሻ ማንሳት ነበረባቸው። የጽዳት ሥራውን የጨረሰ ቡድን 6 ነጥብ ይመዘገብለታል። እናም ሁሉን ጨዋታ ረትቶ ከጽዳት የሚቀር ቡድን ዋንጫ ሊያመልጠው ይችላል ማለት ነው!

ነጥቡ በዚህ አያበቃም። ታናናሾቹን ያሰለጠነ፣ የዳኘ፣ ለሰፈሩ የለፋ ወጣት ነጥብ ይሰበስባል፤ ከፍተኛ ያገኙት የትምህርት ቤት ክፍያቸው ይሸፈንላቸዋል። ቤተ መጻሕፍት፣ ድራማና የፎቶግራፍ ሥልጠናም ተከተለ። ኳሱስ ቀረ? አልቀረም። ከማህበሩ የወጣው ማታሬ ዩናይትድ የኬንያን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ በ1998 እና በ2000፣ የሊጉን ዋንጫ ደግሞ በ2008 አንስቷል።

በእኛም አገር ታይቷል

በአዲስ አበባ ይህንኑ ሥራ የሠራው ዳንስ ነው። እንግሊዛዊው የዳንስ አስተማሪ ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 ወደ መቶ የሚጠጉ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ "ካርሚና ቡራና"ን ለመድረክ አበቃ። ጭብጨባው ሲያበቃ ልጆቹ ወደ ጎዳናቸው ቢመለሱ ኖሮ ነገሩ የአንድ ምሽት ትርኢት ሆኖ በቀረ ነበር። ግን ከመሃላቸው የተመረጡት ለዓመታት ሰልጥነው "አዱኛ" የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ከአዱኛ ልጆች አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 በሮሌክስ የአማካሪነት ፕሮግራም ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ለመማር በቅቷል።

ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው። ኳስና ዳንስ ልጁን ይጠሩታል፤ የሚያቆየው ግን የሚጠየቅበት ኃላፊነትና ሳይሰለች የሚከታተለው ታላቅ ሰው ነው።

አዊ ከባዶ አይጀምርም

አዊዎች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማህበር የጋላቢዎች ክለብ ብቻ አይደለም። ጥር 23 በእንጅባራ ሜዳ ግልቢያውና ሽርጡ ሲደምቅ እናያለን፤ ከበዓሉ ውጭ ግን አባላቱ በሐዘንም በደስታም ይረዳዳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ፈረሰኛ መሆን ግዴታ አለው።

ይህ ሥርዓት ለኳሱም ቢተርፍስ? ከዘንገና ሐይቅ አቅራቢያ የሚያልፈው የአዲስ አበባ – ባሕር ዳር መንገድ ገበያና እንግዳ ያመጣል፤ ትምህርቱን ለጣለ ታዳጊ ግን ወደማያውቀው ከተማ መውጫም ነው። እዚያ ከደረሰ በኋላ ከመፈለግ፣ ሳይሄድ ሜዳ ላይ ማግኘቱ ይቀላል።

እንግዲህ የክረምት ውድድር አዘጋጆች ሆይ፣ ለዋንጫ ከምታዋጡት ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ደብተር ግዙበት። ለየቡድኑ አንድ አንድ ታላቅ ተጫዋች መድቡ፤ ከልምምድ የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ። ሲመዘገቡም የትምህርት ቤት ካርድ ይታይ። ካርድ የሌለው ግን አይባረር፤ ለምን እንዳቋረጠ ተጠይቆ፣ መስከረም ላይ የሚያስመዘግበው ሰው ይፈለግለት። ለዚህ ደግሞ ስታዲየም አያስፈልግም።