ከስትሮክ ቀድሞ የሚደርስ መሣሪያ

ስትሮክ ጨቅላንም ተማሪንም ይመታል። ልጅን ሲመታ ግን የሚጠረጥረው ሰው ጥቂት ነው። ልጁ ድንገት ግማሽ ፊቱ ተጣሞ፣ አንድ እጁ ዝሎ፣ አንደበቱ ተሳስሮ ሲገኝ ቤተሰብ «ምች ነው» ይላል። ሐኪምም ቢሆን አስቀድሞ ወደ ሚጥል በሽታ ወይም ወደ ማይግሬን ቢያዘነብል አይፈረድበትም፤ ሁለቱም አካልን ለጊዜው ሊያዝሉ ይችላሉና። በጨቅላ ላይ ደግሞ የሚታየው ምልክት ብዙ ጊዜ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ የሚዘረጋ ሕፃን «ግራኝ ሊሆን ነው» ተብሎ ሲታለፍ ያሳዝነኛል። በዚያ ዕድሜ እጅ መምረጥ የሌላኛውን እጅ መድከም ሊያመለክት ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ኤምአርአይ የተጎዳውን የአንጎል ክፍል ለይቶ ያሳያል። የሚያሳየው ግን የደረሰን ጉዳት ነው። ለአዋቂዎች የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ይኸው መድኃኒት ለልጆች ይሆን እንደሆነ ሊፈትን የተጀመረው ጥናት በቂ ታማሚ በሰዓቱ ሊያገኝ ባለመቻሉ በ2013 ተቋረጠ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለዚህ ከሁሉም የሚሻለው ቀድሞ መድረስ ነው። ይህ እስከ ዛሬ በደንብ የተሳካው በተለይ ለአንድ ወገን፣ ሲክል ሴል ለሚባለው የደም በሽታ ላለባቸው ልጆች ነው።

ሲክል ሴል በዘር የሚወረስ ነው። ቀይ የደም ሕዋሱ ኦክስጅን ሲያጣ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ ይጠነክራል፤ ዕድሜውም ያጥራል። ውሎ አድሮ አንጎልን የሚመግቡት ትልልቅ የደም ቅዳ ቧንቧዎች ግድግዳ ይቆስልና መተላለፊያው ይጠብባል። ጋናዊው ሐኪም ክዋኩ ኦሄኔ-ፍሬምፖንግና ባልደረቦቹ በ1998 ያወጡት የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው፣ የበሽታው ዋነኛ ዓይነት ካለባቸው ሰዎች 11 በመቶ ያህሉ 20 ዓመት ሳይሞላቸው ስትሮክ ያገኛቸዋል።

መሣሪያው የሚይዘው ይህን መጥበብ ነው። ሜዳ ላይ ተንጣሎ የመጣ ወንዝ በገደል መሃል ሲጠብ እንደሚፈጥን፣ ደምም በጠበበው ቧንቧ ውስጥ ይፈጥናል። ይህን ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ ትራንስክራኒያል ዶፕለር ይባላል። አልትራሳውንድ ነው፤ መርፌም ጨረርም የለበትም። የራስ ቅል አጥንት ድምፁን ስለሚያዳክመው አንጎል ውስጥ መለካት አይቻልም ይባል ነበር። ኖርዌያዊው ሩኔ ኦስሊድና ባልደረቦቹ በ1982 ዝቅ ባለ የ2 ሜጋኸርዝ ድግግሞሽ፣ በዓይንና በጆሮ መሃል ባለው ስስ አጥንት በኩል እንደሚቻል አሳዩ።

ምርመራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለሙያው ቦታውን ጄል ቀብቶ መዳሰሻውን ያስቀምጥና የደሙን ፉጨት እያዳመጠ፣ ጥልቀቱን በጥቂት ሚሊሜትር እየቀያየረ ትልቁን የደም ቅዳ ይከተላል። ልጁ መተኛት የለበትም፤ እንቅልፍ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍ ስለሚያደርግ ፍጥነቱን ያዛባል። ትኩሳትም እንዲሁ። በመሆኑም ልጁን ሳያስለቅሱና ሳያስተኙ ማቆየት ከሙያው ዋና ክፍል ይቆጠራል።

አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሮበርት አዳምስ በጆርጂያ ግዛት ልጆችን ለዓመታት ሲከታተል ቆይቶ አንድ ወሰን አገኘ፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 200 ሴንቲሜትር የደረሰ ልጅ ለስትሮክ እጅግ የተጋለጠ ነው። ከዚያ በእሱ መሪነት 130 እንዲህ ያሉ ልጆች በዕጣ ተከፈሉ። 63ቱ በየጊዜው ደም እንዲወስዱ፣ 67ቱ በተለመደው ክትትል እንዲቆዩ ተደረገ። ከሁለተኛው ወገን 11 ልጆች በስትሮክ ተመቱ፤ ከመጀመሪያው አንድ ብቻ። ልዩነቱ እንዲህ ሰፊ ሲሆን ሌሎቹን ልጆች ያለ ደም ማቆየት ተገቢ ስላልነበረ ጥናቱ ጊዜው ሳይደርስ በ1997 ቆመ። በሕፃናት ሕክምና ውስጥ የዚህን የ200 ወሰን ያህል የልጅ ሕይወት ያተረፈ ቁጥር ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ሕክምናው ግን ከባድ ነው። ደም በየወሩ ገደማ መውሰድ ብረት በጉበትና በልብ ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል፤ ለዚያ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። ማቆምም ቀላል አይደለም። ፍጥነታቸው ወደ ጤናማ ልክ ከተመለሰ በኋላ ደም መውሰድ ካቆሙ 41 ልጆች የ14ቱ ፍጥነት እንደገና ናረ፤ ሁለቱ ስትሮክ ያዛቸው። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ቢያንስ አንድ ዓመት ደም ለወሰዱና ቧንቧቸው ክፉኛ ላልጠበበ ልጆች ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ደሙን ሊተካ እንደሚችል አሳየ።

በእኛ ደጋማ አካባቢ ሲክል ሴል ብዙም አይታይም። እዚህ የልጆች ስትሮክ ሲነሣ መታሰብ ያለበት ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ያስከተለው የልብ ቫልቭ ጉዳትና አብሮ የተወለደ የልብ ችግር ነው፤ ይህ የፍጥነት ወሰን ለእነሱ አይሠራም። መሣሪያው የበለጠ የሚፈለገው እንደ ናይጄሪያ ባሉ፣ በሽታው በብዛት ባለባቸው አገሮች ነው። በዚያም ደም በየወሩ ማግኘት ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይሞከር ስለሆነ፣ በካኖና በካዱና ያሉ ሐኪሞች ፍጥነታቸው ከፍ ያለ ልጆችን በቀጥታ በሃይድሮክሲዩሪያ አከሙ። ዝቅተኛው መጠን፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 10 ሚሊግራም፣ እና እጥፉ ተነጻጸሩ። በ2022 በወጣው ውጤት በሁለቱ መካከል በስትሮክ ቁጥር ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ በሁለቱም ወገን ስትሮክ ያገኛቸው ልጆች ያለ ሕክምና ከሚጠበቀው እጅግ ያነሱ ነበሩ።