የእሷም ሃይማኖት፣ የእሷም መብት፦ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ የሚሰሙ አምስት ተረቶች

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ሰባኪም ሽማግሌም ይደመጣል። ስለዚህ የሴት ልጅ መብት ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ ወደ ሃይማኖት ይዞራል። የሴትን መብትና የሃይማኖት ነፃነትን የሚያጋጩት ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳቱ እምነቶች ናቸው።

ተረት 1፦ የሴት ልጅ ግርዛት የሃይማኖት ትእዛዝ ነው።

እውነታ፦ በዘፍጥረት ምዕራፍ 17 ለአብርሃም የተሰጠው የግርዛት ኪዳን ለወንዶች ነው። ቁርኣንም የሴት ግርዛትን አያነሳም። ድርጊቱ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት መገኘቱ ልማድ መሆኑን ያሳያል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ድርጊቱን ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል። ሕገ መንግሥቱም ሃይማኖትን የመግለጽ ነፃነት የሕዝብን ጤናና የሌሎችን መብት ለመጠበቅ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል በአንቀጽ 27 ይደነግጋል።

ተረት 2፦ ያልተገረዘች ልጅ ዕቃ ትሰብራለች፤ ባልም አታገኝም።

እውነታ፦ ዕቃ መስበርና ግርዛት አይገናኙም። የባሉን ነገር ደግሞ ከምባታ ራሱ መልሶታል። እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ አንግባ በአደባባይ ተዳረች፤ ሙሽራውም ያልተገረዘች በማግባቱ እንደሚኮራ በጽሑፍ አሳወቀ። ሠርጉ «ልጄ ቆማ ትቀራለች» የሚለው የወላጅ ስጋት መሠረት እንደሌለው አሳየ።

ተረት 3፦ የሴት እኩልነት የፈረንጅ ሐሳብ ነው።

እውነታ፦ በከምባታ ግርዛትን የማስቀረቱን ለውጥ የመሩት ቦጋለች ገብሬ የከምባታ ልጅ ነበሩ፤ በልጅነታቸውም ተገርዘዋል። በውጭ አገር ተምረው ተመለሱና ከእህታቸው ከፍቅርተ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 «ከምባቲ መንቲ ገዚማ» የተባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። የመንደሩ ሰው መጀመሪያ የጠየቃቸው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴም ወደ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ ነበር። ድልድዩ ተሠራ። በየቀበሌው ሴቱም ወንዱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም አብሮ ተቀምጦ ስለ ግርዛትና ስለ ጠለፋ መወያየቱ ከዚያ በኋላ ቀለለ።

ተረት 4፦ ሽማግሌ ካስታረቀ የጠለፋ ጉዳይ አለቀ።

እውነታ፦ በቀድሞው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። አሁን አያመልጥም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ለጋብቻ ብሎ በጠለፈ ሰው ላይ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጥላል፤ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ተጠያቂነቱን አያስቀርም። ሽማግሌ ቤተሰብን ከቂም በቀል ሊያድን ይችላል፤ ክሱን ግን አይዘጋም።

ተረት 5፦ ሴት ስታገባ በባሏ ሃይማኖት ታድራለች።

እውነታ፦ በሆሳዕና የመካነ ኢየሱስ ልጅ ለኦርቶዶክስ ወይም ለካቶሊክ ልጅ ልትታጭ ትችላለች። ወዳ ብትቀይር መብቷ ነው፤ ባትቀይርም መብቷ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የመረጡትን እምነት የመያዝ መብትን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል፤ ይህን መብት በማስገደድ መገደብንም ከልክሏል። አንቀጽ 35 ደግሞ በጋብቻ ውስጥ ሴት ከወንድ እኩል መብት እንዳላት ይናገራል። ስለዚህ ባል «የሃይማኖት ነፃነቴ ነው» ብሎ የሚስቱን ነፃነት መንጠቅ አይችልም። አማቾች ለሽምግልና ሲቀመጡም ስለ ጥሎሹ ከመነጋገራቸው በፊት ሙሽራዋን ራሷን ቢጠይቁ ይበጃል፤ መልሱ የእሷ ነውና።