የደጋው አጋዘን በብር

በአዳማ ጋሪ የተሳፈረ፣ ከጉልት ሎሚ የገዛ የደርግ ዘመን ሰው ሁሉ የደጋ አጋዘንን በመዳፉ ይዞ ያውቃል። የ1969 ዓ.ም. ቀን ያለበት የናስ አሥር ሳንቲም፣ ዲናሬው፣ በአንድ ገጹ የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ይህን ቀንደ ጠምዛዛ እንስሳ ይዟል። በዓመቱ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ያው አጋዘን በብር ተመትቶ መውጣቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ሳንቲሙ የ25 ብር ዋጋ ተጽፎበታል፤ ቢሆንም ለገበያ አልተሠራም። ያኔ ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅቶች ከብዙ አገሮች ጋር የማስታወሻ ሳንቲም ያወጡ ነበር። አገሩ እንስሳውን ይሰጣል፣ የእንግሊዙ ሮያል ሚንት ይመታዋል፣ ሰብሳቢዎች ከተጻፈበት ዋጋ በላይ ይገዙታል፣ ከሽያጩም ለእንስሳት ጥበቃ ይውላል። ኢትዮጵያ ሦስት አወጣች፦ ባለጺሙን አሞራ በ10 ብር፣ የደጋ አጋዘንን በ25 ብር፣ ዋልያን ደግሞ በወርቅ፣ በ600 ብር።

ለሰብሳቢ ተብሎ የተመታውና ፕሩፍ የሚባለው የ25 ብሩ ሳንቲም 35 ግራም ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው። ቀሪው ማጠንከሪያ ነው፤ ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ ብቻውን ቶሎ ይጫራል። አያቶቻችን ልጅ የዳሩበትና በሬ የገዙበት ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ሆኖ ከ1000 እጅ 833 ብር ነበረው። በ1936 ዓ.ም. ቀን ከተመታው የ50 ሳንቲም ሽልንግ ወዲህ ደግሞ ለዕለት መገበያያ የሚሆን የብር ሳንቲም አልወጣልንም።

ፕሩፍ ሲመታ ሥራው ከተራው ሳንቲም ይለያል። ጠፍጣፋው ብር አስቀድሞ ይወለወላል። የብረት ማኅተሙም ሜዳው መስታወት እስኪመስል ድረስ ይጠራል፤ ምስሉ የተቀረጸበት ጎድጓዳ ግን ሆን ተብሎ ደብዘዝ ያለ ይደረጋል። ከዚያ በከባድ ጫና፣ ቀስ ተብሎ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታል። ስለዚህ አጋዘኑ ነጣ ብሎ፣ ጀርባው እንደ ውሃ አብረቅርቆ ይወጣል። ተራውን ዲናሬ ማሽን በጥድፊያ መትቶ ከረጢት ውስጥ ይጥለዋል፤ በአሥር ዓመት ውስጥም የእጅ ላብና የኪስ ፍትጊያ ፊቱን ይበላዋል።

ይህ እንስሳ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ፣ ያውም ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉት ደጋዎች ነው። ከአዳማ በአሰላ በኩል ወደ አርሲ ሲወጣ ጭላሎና ጋላማ ይገኛሉ፤ ከሻሸመኔና ከአርሲ ነጌሌ ወዲያ የሙኔሳ ደን አለ፤ ራቅ ብሎ ባሌ። ሳይንስ ያወቀውም በአርሲ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በ1908 እ.ኤ.አ. ገድሎት ናሙናው ለንደን ደረሰ፤ በ1910ም ሪቻርድ ላይደከር ስም አወጣለት። ወንዱ ብቻ ነው ቀንድ የሚያወጣው፤ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ያልፋል። ከብት፣ እርሻና አደን መኖሪያውን እያጠበቡበት ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ተቆጥሯል።

የሚያስቆጨኝ የሳንቲሙ ዕጣ ነው። አጋዘኑን ከማሳቸው ዳር የሚያዩት የአርሲና የባሌ ገበሬዎች ዲናሬው ደርሷቸዋል፤ ብሩ ግን ለባሕር ማዶ ሰብሳቢዎች ተሸጠ። አንድ ሁለቱ ተገዝተው በአዳማና በአሰላ ለሕዝብ ቢታዩ የሚወጣው ወጪ ከባድ አይሆንም፤ ለተማሪ ግን ከመጽሐፍ ሥዕል የበለጠ ያስተምራሉ።

በሰነድ ሣጥን ወይም ከዘመድ እጅ ካገኛችሁት ቀኑን እዩ፤ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፸ ይላል። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና አትፈትጉት፤ የጠቆረው ገጽ ጉዳት የለውም፣ ፍትጊያው ግን መስታወቱን ለዘለዓለም ያጠፋል። ዳርና ዳሩን ይዛችሁ አንሡት። ወደ ብር ሠሪም አትውሰዱት፤ እሱ የሚከፍላችሁ የክብደቱን ዋጋ ብቻ ነው፣ ከቀለጠ በኋላም አጋዘኑ አይመለስም።