የጆሮ ማዳመጫ ስንገዛ ምኑን እንይ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ቅዳሜና እሁድ ሒፍዝ ከሚያነቡልን ልጆች አንዱ ፊደል ማሳሳት ጀመረ። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም፤ ድምፁ ያማረ፣ ትዕግሥቱም የሚያስቀና ልጅ ነበር። እኛ «ሣእ» ብለን ስናነብለት እርሱ «ፋእ» ይላል። ስናርመው ከንፈራችንን አተኩሮ ያይና ያስተካክላል፤ ፊታችንን ዞር ስናደርግ ያው ስሕተት ይደገማል። ስንፍና መሰለን። አንድ ቀን በጓደኞቹ ፊት ተቆጣነው። ልጁ አንገቱን ደፋ እንጂ መልስ አልሰጠንም።

በሳምንቱ እናቱ መጡ። «ኡስታዝ፣ አይፍረዱበት» አሉን። «እኔም ከማዕድ ቤት ስጠራው አይሰማኝም። ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪረበሽ ይከፍተዋል። ሌሊት ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ እያለ እንቅልፍ አጥቷል።»

ልጁ ወደ ጆሮ ሐኪም ተወሰደ። ሐኪሙ መጀመሪያ የደደረ ኩክ አወጣለት፤ ጥቂት ተሻለው። ከዚያም ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል አስቀምጦ ልዩ ልዩ ድምፆችን እያሰማ የመስማት ኃይሉን ለካው። በወረቀቱ ላይ የተሣለው መስመር ለወፍራሙ ድምፅ ደህና ሆኖ ይቆይና ቀጭኑ ጋ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። «ሣእ»ን ከ«ፋእ» ለመለየት የሚረዳን ደግሞ ይኸው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ሐኪሙ ውሎውን ጠየቀው። ከቤት ወደ ት/ቤት፣ ከት/ቤት ወደ መድረሳ በሚኒባስ ታክሲ ሲመላለስ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ኢርፎን ከጆሮው አይወጣም። የታክሲው ጫጫታ ስለሚያሸንፈው የስልኩን ድምፅ እስከ ጥግ ይከፍተዋል። የሚያዳምጠው ዘፈን አልነበረም፤ ቂርአት ነበር። መንገድ ላይ ጊዜህን አታባክን፣ እያዳመጥክ ሸምድድ ብለን ያዘዝነው እኛው ነን።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ጆሮ ማዳመጫ ለመጻፍ ያነሣሣን ይህ ነው። ብዙዎቻችን ልጆቻችን ምን እንደሚያዳምጡ እንጠይቃለን፤ በምን እንደሚያዳምጡና ምን ያህል ከፍተው እንደሚያዳምጡ ግን አንጠይቅም። ጆሮ በዚህ በኩል አያዳላም። መልካሙም ንግግር ይሁን ከንቱው፣ ከልክ በላይ ከጮኸ ጉዳቱ አንድ ነው።

በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ጥምዝ ክፍል ውስጥ፣ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር መሰል ረቂቅ ሕዋሳት ተሰልፈዋል። ድምፅ ሲደርሳቸው ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ይወዛወዛሉ። ድምፁ በርትቶ ለረጅም ጊዜ የመታቸው እንደሆነ ግን ይጎብጣሉ፣ ይሞታሉ። የሞተው አይተካም። ቀድመው የሚጎዱት ቀጫጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ስለሆኑ ሰውየው ሌላው ሲናገር ይሰማል፤ ምን እንደተባለ ግን ይጠፋዋል። «ትሰማለህ፣ ግን ልብ አትልም» እየተባለ የሚወቀሰው እንዲህ ያለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ዴሲቤል እንደ ኪሎና እንደ ሜትር አይቆጠርም። 3 ብቻ ሲጨምር የድምፁ ጉልበት እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10፣ በ89 አምስት ሰዓት ብቻ ይቀራል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደረስ ለሳምንቱ በሙሉ የሚፈቀደው ከግማሽ ሰዓት ያንሳል። ለልጆች ልኩ ዝቅ ብሎ በ75 ዴሲቤል 40 ሰዓት ነው። ብዙ ስልኮች እስከ ጥግ ሲከፈቱ ወደ 100 ዴሲቤል ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ ተማሪያችን የሳምንቱን ድርሻ ሰኞ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ጨርሶ ይውል ነበር ማለት ነው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 35 ዓመት የሆኑ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በዚህ ዓይነት አደጋ ላይ ናቸው።

ታዲያ ልጁ የስልኩን ድምፅ የከፈተው ጥጋብ ይዞት አይደለም። ኢርፎኑ ጆሮውን አይዘጋም ነበር። ምርጫችን መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፤ ጥሩ ማዳመጫ ማለት በትንሽ ድምፅ ብዙ የሚያሰማ ነው። ለዚህም ከዋጋውና ከስሙ በፊት ከጆሮአችን ጋር መግጠሙ ይታያል።

በልጅነታችን የታላቅ ወንድማችንን ዎክማን በስርቆት እናዳምጥ ነበር። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዎክማንን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ቀጭን ብረት ከራስ በላይ ያልፍና በሁለት ጫፉ ስፖንጅ የለበሰ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ጆሮ ላይ ያርፋል። ላባ ያህል ይቀላል፤ ምቾቱ እስከ ዛሬ አይረሳንም። ነገር ግን የውጭው ጫጫታ እንደልቡ ይገባል፣ የውስጡም ይወጣል። በጸጥተኛ ቤት ውስጥ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለው ክፍት ማዳመጫ ዛሬም ሸጋ ነው። ታክሲና አውቶቡስ ውስጥ ግን ድምፅ ጨምር፣ ጨምር ያሰኛል። ጎማ የሌለውና የጆሮ ደጃፍ ላይ የሚንጠለጠለው ጠጣር ኢርፎንም እንደዚያው ነው።

ለመንገድ የሚሻለው ጎማ ያለውና ወደ ጆሮ ቀዳዳ ገባ የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በካርቶኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ ይኖራል። የገዛው ሰው ግን የተገጠመውን እንዳለ ይጠቀምና የቀሩትን ከካርቶኑ ጋር ይጥላል! ይህን ስሕተት እኛም ለዓመታት ሠርተነዋል። የሰው ጆሮ ቀዳዳ ይለያያል፤ የአንድ ሰው ቀኝና ግራም እኩል ላይሆን ይችላል። እኛ ራሳችን በቀኝ መካከለኛውን፣ በግራ ትንሹን እንጠቀማለን። ልኩን ለማወቅ የአንባቢው ድምፅ ወፈር ያለ ቂርአት ወይም ንግግር ይክፈቱ። የጆሮዎን የላይኛውን ጫፍ በአንድ እጅ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ኢርፎኑን ያስገቡ። ከዚያ በጣት ቀስ ብለው ጫን ያድርጉት። ሲጫኑት ወፍራሙ ድምፅ ድንገት ከጨመረ ጎማው ክፍተት ነበረው ማለት ነውና ሌላ ይሞክሩ። በትክክል ሲገጥም የራስዎ ድምፅ ለራስዎ የታፈነ ይመስልዎታል። ይህን ያህል ተደርጎ ጆሮ ውስጥ የሚያምም ከሆነ ግን መታገሥ አያስፈልግም፤ ያ ቅርጽ የእርስዎ አይደለም።

ሙሉ ጆሮን ዙሪያውን የሚከበው ሄድፎን ለረጅም ጥናት የበለጠ ይመቻል። ትራሱ ጆሮውን ዋጥ ሊያደርግ እንጂ ጫፉን ሊጫን አይገባም። ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ሲያደርጉት ሁሉም ምቹ ነው። ባለሱቁ ከፈቀደ ሃያ ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ አናት ላይ ወይም ከጆሮ ፊት ለፊት መውጋት የሚጀምረው ያኔ ነው። መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን ሳያወልቅ ይሞክር።

እኅቶቻችን እዚህ ላይ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ሄድፎን ከሒጃብ በላይ ሲደረግ ጨርቁ በትራሱና በጆሮ መካከል ገብቶ ክፍተት ይፈጥራል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይሸሻል፣ ጨርቁም በተነካ ቁጥር ሽው ሽው ይላል። ከሥር ከተደረገ ደግሞ ጭንቅላትን ያጣብቃል፣ ይሞቃል። ስለዚህ ጎማ ያለው ትንሽ ኢርፎን ከሒጃቡ ሥር መሆኑ ይሻላል፤ ይኸውም ጎልቶ የማይወጣና ጨርቁ ሲጠበቅ ወደ ውስጥ የማይገፋ ሲሆን ነው። ባለገመዱን የመረጠች እንደሆነ ገመዱን በጆሮዋ ጀርባ አዙራ ብታወርደው የገመዱ መፋተግ እንደ ጫጫታ አይሰማትም።

ወደ ድምፁ ጥራት እንምጣ። የመርካቶ ሻጭ ሁሉ «ባሱ ያንቀጠቅጣል» ይላል። እኛን እንደ ጥሩ ነገር አያስደስተንም። ባስ የሚሉት ወፍራም ድምፅ ከልክ ሲያልፍ በላዩ ያለውን የሰው ድምፅ ይሸፍነዋል፤ አድማጩም ቃሉን ለመስማት ሲል ድምፅ ይጨምራል። ካርቶኑ ላይ «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» ተብሎ መጻፉም አያታልለን። ያ የሰው ጆሮ የሚሰማው ወሰን ሲሆን ርካሹም ውዱም ይጽፈዋል። ዋናው መመዘኛ በሚገባ የምናውቀውን ድምፅ ማዳመጥ ነው። እኛ የምንጠቀመው የሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪን ቂርአት ነው። እኚህ ግብፃዊ ቃሪእ (1917–1980 እ.ኤ.አ.) ሙሉውን ቁርአን በሙረተል አነባበብ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ሲሆኑ፣ አነባበባቸው ዝግ ያለ፣ ፊደል ሁሉ በየቦታው የተቀመጠበት ነው። ስልኩን ከግማሽ በታች አድርገን እናዳምጣለን። ሲንና ሣእ ይለያሉ? ሓእ ሲወጣ የትንፋሹ መፋተግ ይሰማል? አንባቢው በሁለት ጆሮአችን መሐል ቆሞ ነው የሚያነበው ወይስ ወደ አንዱ ጎን አዘንብሏል? የድሮ ቅጂ ስለሆነ ከኋላው ቀጭን የሹክሹክታ ድምፅ አለው። ያ ሹክሹክታ ከአንባቢው በላይ ጎልቶ ከወጣ ማዳመጫው ቀጭኑን ድምፅ አጋንኗል ማለት ነው፤ ከጊዜ በኋላ ራስ ያሳምማል። ዐረብኛ የማያነብ ሰው የራሱን ወይም የእናቱን ድምፅ በስልክ ቀርጾ ቢያዳምጥ ይኸንኑ ያገኛል። የእናቱን ድምፅ የማያውቅ ማን አለ?

ገመድ ወይስ ብሉቱዝ? በአጭሩ፣ ባለገመዱ በዚያው ዋጋ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ያሰማል፣ ባትሪም አይፈልግም። የሚበላሸው መሰኪያው አጠገብ ሲሆን ራዲዮ ጠጋኝ በትንሽ ገንዘብ ይበይደዋል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ግን የገመድ ቀዳዳ የሌላቸው ስልኮች በርክተዋልና ከመግዛት በፊት ስልክን ማየት ነው። የብሉቱዙ ትንንሽ ባትሪ በጥቂት ዓመታት ይደክማል፤ የደከመውን ከፍቶ መቀየርም አስቸጋሪ ነው።

ጫጫታ ያጠፋል የሚባለው ዓይነት እውነትም ይሠራል። አማር ቦዝ የተባሉት አሜሪካዊ መምህርና መሐንዲስ ሐሳቡ የመጣላቸው እ.ኤ.አ. በ1978 በአውሮፕላን ሲጓዙ ነው፤ ኩባንያቸው ለአብራሪዎች የሚሆነውን ለገበያ ያቀረበው በ1989 ነው። መሣሪያው የውጭውን ድምፅ በማይክሮፎን ተቀብሎ ተቃራኒውን ሞገድ በመፍጠር ያከስመዋል። የሚያሸንፈው ሳያቋርጥ የሚያጉረመርመውን ነው፤ የሞተርን፣ የጄነሬተርን። የታክሲ ረዳቱን «መርካቶ! መርካቶ!» ግን አያጠፋውም።

ጆሮን የሚዘጋ ማዳመጫ መንገድ ላይ አደጋ አለው፤ ይህን መሸሸግ አንችልም። የመኪና ጥሩንባም አብሮ ይዘጋል። ከታክሲ ሲወርዱ ከጆሮ ማውጣት ግድ ነው። ጎማውን በየሳምንቱ በሳሙና ውኃ አጥቦ በደንብ ሳይደርቅ አለመመለስ፣ ለሌላ ሰው አለማዋስም ተገቢ ነው። ከውዱእ ወይም ከትጥበት በኋላ ጆሮን በፎጣ ማድረቅም እንዳይረሳ፤ እርጥብ ጆሮ በጎማ ሲታፈን ያሳክካል፣ ይቆስላል። ኩክን በጥጥ እንጨት መጎርጎር ወደ ውስጥ መግፋት ነው።

ወላጆች ደግሞ ቀላል መፈተሻ አላቸው። ልጅዎ ኢርፎን አድርጎ ሳለ ክንድዎን ዘርግተው በሚደርሱበት ርቀት ሆነው በተለመደው ድምፅ ያናግሩት። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ካልሰማዎት ልኩን አልፏል። ብዙ ስልኮች ድምፅ ከተወሰነ በላይ እንዳይጨምር የሚያግድ ማስተካከያ አላቸው፤ ልጁን ራሱን አስቀምጠው አብረው ያስተካክሉት።

ተማሪያችንን አውፍ እንዲለን በጓደኞቹ ፊት ጠይቀነዋል። ሐኪሙ ልኩን ጠብቆ ማዳመጥን ስላልከለከለው ከአንድ ሱቅ በደረቴ ዘንድ አብረን ሄድን። ልጁ ጎማ እየቀያየረ ሲሞክር ሻጩ ሰልችቶት «ወንድሜ፣ ጫማ ነው እንዴ የምትለካው?» አለው። ቀኙ ቶሎ ተስማማ፤ ግራው በሦስተኛው ጎማ ገጠመ። ታክሲ ውስጥ ስልኩን አየንበት፤ ድምፁ ከግማሽ በታች ነበር። አሁን በሐልቃችን ከፊታችን ይቀመጣል። እኛም ስናነብ ፊታችንን ወደ እርሱ እናደርጋለን።