ቬንትሌተሩ ሽታውን የት ይወስደዋል?



ባለፈው ክረምት ለእረፍት ውጫሌ ስገባ እናቴ ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ክፍል ሃምሳ ጫጩቶች እያሳደገች ነበር። ጫጩቶቹ አምስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል፤ ሽታው ደግሞ ሳሎን ድረስ ገብቷል። «ኢንጅነር ልጅ አለኝ እያልኩ ነው የምኖረው፤ በል እንግዲህ» አለችኝ።

እኔም ትንሽ ቬንትሌተር ገዝቼ፣ ግድግዳውን በስቼ ወደ ውጭ እንዲነፋ አድርጌ ገጠምኩት። ከሰዓት በኋላ ሳሎናችን ሽታ አልነበረውም። እናቴ ዱዓ አደረገችልኝ። በአራተኛው ቀን ግን ከግቢ ስትገባ «ጎረቤታችን መስኮታቸውን መክፈት ትተዋል፤ አስተውለሃል?» አለችኝ። ከዐስር ሰላት በኋላ ሁልጊዜ እዚያ መስኮት ሥር የሚቀመጡ አሮጊት እናት ናቸው። የገጠምኩት ቬንትሌተር የሚነፋው በቀጥታ ወደ እሳቸው ነበር። አንድም ቃል አልተናገሩንም።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ብዙዎቻችሁ በክረምት ዶሮ ለማርባት እንደምታስቡ ስለሰማሁ ነው። ማራገቢያ ሽታን አያጠፋም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራል እንጂ። ስለዚህ ከመግጠማችን በፊት «የት ይሄዳል?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ሽታው ከየት ይመጣል?

በዶሮ ቤት ውስጥ ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝ አሞኒያ ነው። በዶሮ ኩስ ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት ይወጣል። ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን የሚያፋጥኑት እርጥበትና ሙቀት ሲያገኙ ነው። ስለዚህ ደረቅ ኩስ ብዙም አይሸትም፤ የሚሸተው እርጥብ ኩስ ነው። ከአሞኒያ ሌላ እንደ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያሉ የድኝ ጋዞችና ከብስባሽ የሚወጡ አሲዶችም አሉ።

ጉዳቱ ለሰው አፍንጫ ብቻ አይደለም። በዶሮ እርባታ የሚመከረው አሞኒያው በአየሩ ውስጥ ከ25 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 25 እጅ፣ እንዳይበልጥ ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ የጫጩቶቹን ዓይንና የመተንፈሻ አካል ይጎዳል፤ ለበሽታ ያጋልጣቸዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ጉዝጓዙ ነው። ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፍ። አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጨብጡት፤ እጃችሁን ስትከፍቱ እንደ ኳስ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው፣ ቀስ ብሎ ከተበተነ ጥሩ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያረጥበው የውሃ መጠጫው ነው፤ ከፍ ብሎ ቢቀመጥና የረጠበው ቦታ በየቀኑ ቢቀየር የሽታው ትልቁ ክፍል ያለ ምንም መሣሪያ ይቀንሳል።

አንድ ልማድ ግን እንተው። ሽታ ሲበዛ አመድ ወይም ኖራ መነስነስ የተለመደ ነው። ሁለቱም አልካላይን ናቸው። እርጥብ ኩስ ላይ ሲነሰነሱ በውስጡ ሟሙቶ የነበረውን አሞኒያ ወደ ጋዝ ለውጠው ያስወጡታል። ሽታውን እንቀንሳለን ስንል እናበዛዋለን ማለት ነው።

የካርቦን ማጣሪያ እንዴት ይሠራል?

አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው ከከሰል ወይም ከኮኮናት ቅርፊት የሚሠራ ነው። ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በእንፋሎት ሲታከም በውስጡ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። የአንድ ግራም ውስጣዊ ስፋት ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል። የሽታ ሞለኪውሎች በዚህ ገጽታ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። የምድጃ ከሰልም ቀዳዳ አለው፤ ነገር ግን ስፋቱ ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል።

ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይገባል። አንደኛ፣ ተራ አክቲቬትድ ካርቦን የብስባሽ ሽታን በደንብ ይይዛል፤ አሞኒያን ግን የሚይዘው በጥቂቱ ነው። ለአሞኒያ በአሲድ የታከመ ልዩ ካርቦን ያስፈልጋል። ጉዝጓዙን ማድረቅ ግዴታ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ አየሩ በጣም እርጥብ ሲሆን የውሃ ተን ቀዳዳዎቹን ስለሚሻማ የማጣሪያው አቅም ይወርዳል። ሦስተኛ፣ የላባና የመኖ አቧራ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ ከፊቱ የሚታጠብ ስስ ጨርቅ ይደረግለት።

መጠኑን በቀላል ሒሳብ እንየው። ክፍሉ 3 ሜትር በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር ቢሆን ይዘቱ 22.5 ሜትር ኩብ ነው። አየሩ በሰዓት አሥር ጊዜ ይቀየር ብንል 225 ሜትር ኩብ በሰዓት፣ ማለትም በሰከንድ 62.5 ሊትር ያህል አየር ያልፋል። አየሩ በካርቦኑ ውስጥ ቢያንስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ እንዲቆይ ከፈለግን 6 ሊትር ከሩብ ያህል፣ በክብደት ወደ 3 ኪሎ ካርቦን ያስፈልጋል። ማጣሪያው አየሩን ስለሚያግደው በሰዓት 300 ሜትር ኩብ የሚገፋ ቬንትሌተር መምረጥ ይሻላል።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ካርቦኑ በክፍሉ በኩል፣ ቬንትሌተሩ ከካርቦኑ በኋላ ሆኖ ይሳብ። እንዲህ ሲሆን በበሩና በግድግዳው ስንጥቅ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ሽታ ወደ ውጭ አያመልጥም። የመውጫው ቱቦ ከጣሪያ በላይ ከፍ ብሎ የጎረቤት መስኮት ወደሌለበት ይዙር። ጫጩቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ስለሚፈልጉ ክፍሉን በሙሉ ከመድፈን ይልቅ እነሱ ያሉበትን ጥግ በካርቶን ከልሎ ማሞቅ ይበቃል።

አደራ! ጫጩት በከሰል ምድጃ የምታሞቁ ካላችሁ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የካርቦን ማጣሪያም አያስቀረውም። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ሰው አይተኛ፤ አየር ማስገቢያውም አይዘጋ።

የጎረቤት ሐቅ

ጥሬ ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሌላውን እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውን መድረሳ ሳለን ቀርተናል። ከ1869 እስከ 1876 በአውሮፓ አቆጣጠር የተዘጋጀው የኦቶማኖች የሕግ መድብል «መጀለ»ም ከቤት አጠገብ የተሠራ ምድጃ ጭሱ፣ የዘይት መጭመቂያም ክርፋቱ ነዋሪውን ካስቸገረ መወገድ ያለበት ጉዳት እንደሆነ በምሳሌ ያስቀምጣል። የአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታና ድምፅ እንዳያወጣ ይከለክላል።

እኔ ቬንትሌተሩን ነቅዬ ቱቦውን ወደ ላይ አዞርኩ፤ ጉዝጓዙን ቀየርን፤ ማጣሪያውንም ሠራሁ። ከዚያ እናቴና እኔ ዐፍው ለመጠየቅ ሄድን። «ለምን አልነገሩንም?» ስላቸው «መተዳደሪያችሁ ነው ብዬ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ዝም ያሉት ስለተስማሙ ሳይሆን ስላዘኑልን ነበር።

የራሳችን አፍንጫ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሽታውን ይለምደዋል፤ ሥራችን መሳካቱን በእሱ ልንለካ አንችልም። ማጣሪያ ገጥማችሁ ስትጨርሱ አጥሩን ዞራችሁ ጎረቤት በር ላይ ቁሙ፤ ከዚያም አንኳኩና ጠይቁ። እኛ ቤት መልሱ የታወቀው በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ መስኮቱ ተከፈተ፣ አልሐምዱሊላህ።