በ12 ቢሊዮን ይድን የነበረ 45 ቢሊዮን ዶላር

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ስሌት እጅን በአፍ ያስጭናል። በ85 ታዳጊ አገሮች፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሃያ ዓመታት ብቻ፣ 45 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መንገድ ጥገና አጥቶ ፈርሷል። በጊዜው ቢጠገን ኖሮ የሚበቃው ገንዘብ 12 ቢሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር።

መንገዱን ማን በላው? ከውሃ እንጀምር። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። እንግዲህ ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 7 ሜትር የሆነ አስፋልት በዓመት 8.4 ሚሊዮን ሊትር ይወርድበታል። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢጫን 840 ቦቴ! ከየጣሪያውና ከየዳገቱ የሚመጣው ጎርፍ ገና አልተቆጠረም። ቦዩን ፌስታልና ሃይላንድ ከደፈነው ውሃው አስፋልቱ ላይ ይተኛል፤ ምላጭ በማያሳልፍ ስንጥቅ እየሰረገ ከሥር ያለውን ጠጠርና ገረጋንቲ ያላላዋል።

የቀረውን ጎማ ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ፣ ኦታዋ ከተማ አጠገብ፣ ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ የጭነት መኪኖች ሲመላለሱ ከረሙ። አክስሉ ላይ ያለው ጭነት በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ እንደሚያድግ የታወቀው ያኔ ነው። በዚህ ስሌት 10 ቶን ያረፈበት የሲኖትራክ አክስል አንዴ ሲያልፍ፣ 1 ቶን ያረፈበት የቤት መኪና አክስል 10,000 ጊዜ ቢመላለስ የሚያደርሰውን ያህል ይጎዳል። ሁለት ቶን ተጨምሮበት 12 ቶን ቢሆን ደግሞ ጉዳቱ ከእጥፍ ያልፋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ የጊዜው ነገር ነው። የበጀት ዓመታችን የሚገባው ሐምሌ 1፣ ዝናቡ በበረታበት ወር ነው። ቦይ መጠረግ፣ ስንጥቅም በሬንጅ መደፈን ያለበት ግን ከክረምት በፊት፣ በጀቱ ሊዘጋ ሲል ነው። አዲስ ፕሮጀክት ገንዘቡን ጠራርጎ ከወሰደው ያኔ ለአካፋና ለሬንጅ ምን ይተርፋል? በ1989 ዓ.ም. መንገድ ፈንድ የተቋቋመው ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ ለጥገና የተለየ ገንዘብ እንዲኖር ነበር። ከተሞችም በራሳቸው በጀት ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ።

የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ በጀት ስታጸድቁ በመጀመሪያ የግንቦቱን የቦይ ጠረጋና የስንጥቅ መድፈኛ ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡልን፤ አዲሱን አስፋልት ከዚያ በተረፈው ሥሩ።